የጎልኛ ቃል ለቀማ

ባለፈው ሳምንት የሥራ ማመልከቻ ላስገባ 26 ጁን የሚባል ሰፈር ሄጄ ነበር። ከተመረቅኩ ሁለት ወር አልሞላኝም፤ ዲፕሎማዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ከቢሮ ቢሮ መዞር ነው ሥራዬ። ቢሮው ጋ ከመድረሴ በፊት አንድ አናጺ ቤት አለ። በሩ ላይ ቁም ሳጥን እያገጣጠሙ ነበር፤ ሰጋቱራውና ኮላው አንድ ላይ ሸተተኝ። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ደስ ይለዋል ሲሉ እሰማለሁ። እኔን ግን ፊቴን አቃጠለኝ። ማመልከቻውንም ሳላስገባ ተመለስኩ።

ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ባይወጣልኝም ልጻፈው።

ሀገር ቤት ሰሜን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እኛ ያለነው ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ነው። አባቴ ግንበኛ ነው፤ እናቴ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ግቢያችን ውስጥ አምስት ክፍል አለ። አራቱን የተከራየነው አበሾች ነን፤ አምስተኛው ውስጥ የግቢው ባለቤት ኤዶ ሆዳን ትኖራለች። ኤዶ ሶማሌዎች አክስታቸውን የሚጠሩበት ነው። ኤዶ ሆዳን ሕፃን ሆና ይሄ ከተማ በቦምብ ሲፈርስ እናቷ አዝላት ወደ ኢትዮጵያ ሸሽታ፣ ድሬዳዋ ነው ያደገችው። አማርኛዋ ከኔ ይበልጣል፣ ስድቧ ደሞ ከሁላችንም። አንቱ ሲሏት "ስንት ነኝ? ብቻዬን ነኝ እኮ!" ትላለች። እኔም አንቺ ነው የምላት።

ከኛ ቀጥሎ ያለው ክፍል የጋሽ ኃይሌ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ አናጺ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቀን ቀን መንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤታቸው በርና አልጋ ይሠራሉ፤ አሥር ሰዓት ሲሆን መጋዙን ያስቀምጡና የሰፈሩን አበሻ ልጆች ሰጋቱራው ላይ አስቀምጠው እንግሊዝኛ ያስተምሩናል። ድሮ መምህር ነበሩ። ለምን እንደተዉት ማንም አልጠየቀም፤ እዚህ ሀገር ያለ አበሻ ድሮ ሌላ ነገር ነበር፣ ስለዚህ አይጠያየቅም። የየት ሀገር ሰው እንደሆኑም የጠየቃቸው የለም። አዲስ አበባ ብዙ ኖረዋል፣ አማርኛቸው እንደ ዜና አንባቢ ነው፣ በቃ።

እናቴ "እንግሊዝኛ ካልቻልሽ እንደኔ የሰው ሸሚዝ ስታሺ ነው የምትኖሪው" ብላ ላከችኝ። እኔ መሄድ አልፈለግኩም። ትዕግስት የለኝም፤ ያኔም አልነበረኝም።

መጽሐፋቸው አንድ ነው። ጡብ የሚያክል መዝገበ ቃላት፣ ሽፋን የለውም፣ ኤ የሚባለው ፊደል ሙሉ በሙሉ ተቀዷል፤ ከቢ ነው የሚጀምረው። ከእያንዳንዱ ቃል ሥር በደቃቅ ጽሑፍ ከየት እንደመጣ ተጽፏል። ጋሽ ኃይሌ የሚወዱት እሱን ነው። ትርጉሙን ትተው የትውልድ ሐረጉን ያነባሉ።

"ካር" አሉ አንድ ቀን። "መኪና። እንግሊዞች ከፈረንሳይ ወሰዱት፣ ፈረንሳይ ከሮማውያን፣ ሮማውያንስ ከማን?" መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ከጎሎች። ጎልኛ ነው።"

"ጎል!" ብለን ጮኽን፤ አንዱ ልጅ ሰጋቱራ በተነ፣ ግብ እንደገባ። ዝም እስክንል ጠበቁን።

ጎሎች ማለት፣ አሉ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ዛሬ ፈረንሳይ በሚባለው ሀገር የነበሩ ሕዝቦች ናቸው። ሮማውያን መጡባቸው፤ ተዋጉ፣ ተሸነፉ። ቋንቋቸው ዛሬ የለም። ግን ጥቂት ቃላት በላቲን ኪስ ውስጥ ገብተው አመለጡ፤ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ። "ከዛ ደሞ በመርከብ ተጭነው እዚህ ሐርጌሳ መጡ። ሂዱና ልቀሙልኝ። ትክክል ላመጣ ግመል እሰጣለሁ።" ግመሏ ከትራፊ ኮምፐንሳቶ የተቆረጠች፣ ቁመቷ እንደ ጣት የሆነች ናት።

የዚያ ሰሞን ጨዋታችን ይሄው ሆነ። አየር ማረፊያ መንገድ ላይ ካለ ሰሌዳ ካርጎ አመጣሁ፤ ግመል። ከምግብ ቤት ዝርዝር ላይ መተን፣ የበግ ሥጋ ማለት ነው፤ ግመል። ከኮስሞቲክስ ሱቅ ክሬም። አባቴ የሚሠራበት ቦታ ኢንጂነሩ ጠጠሩን ግራቭል ሲለው ሰምቼ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ እሱም ሆነ። ካርፔንተር ሲገኝማ ጋሽ ኃይሌ ራሳቸው ተገረሙ። "ለካ እኔም ጎልኛ ነኝ" አሉ፣ ቀና ብለው። ያኔ ጋሪ ሠሪ ማለት ነበር አሉን።

ሶፕ ብዬ ሳሙና ያመጣሁ ቀን ግን መዝገበ ቃላቱን ገልጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ የጀርመኖች ወገን ነው። ሰው የራሱ ያልሆነውን አይወስድም።"

በጀትን ያመጣሁት ከቴሌቪዥን ዜና ላይ ነው። ጎሎቹ ጋ የቆዳ ከረጢት ከሚሉት ቃል ነው የመጣው ሲሉኝ ማታ ለአባቴ ነገርኩት።

"ከረጢት?" አለ አባቴ እግሩን እየታጠበ። "ቀዳዳ ከረጢት ይሆናል፤ የኛን መንግሥት አይቼ ነው ያወቅኩት።" ደስ አለው። በማግስቱ ጋሽ ኃይሌን ገና ከበር ሲያያቸው "መምህር፣ ምን አዲስ ሬሳ ተገኘ ዛሬ?" አላቸው። እንደዚህ ነበር የሚቀላለዱት።

እኔ ግን ጎሎቹ ሁሉም የተገደሉ ነበር የሚመስለኝ። ዜናው ቀን ከሌት ጦርነት ነው፤ ሕዝብ ጠፋ ማለት ተገደለ ማለት ነው ብዬ ያዝኩ። ስጠይቃቸው ጋሽ ኃይሌ መላጊያውን አስቀመጡ።

"አይ። አብዛኞቹ ኖሩ። በሉ፣ ጠጡ፣ ወለዱ፣ ተዳሩ። ለልጆቻቸው ግን በቋንቋቸው ማውራት ተዉ። ገበያው በላቲን ነው፣ ዳኛው በላቲን ነው፤ የራሳቸውን ሲናገሩ ሰው ይስቅባቸው ነበር። መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት ቀረች እንበል። ትናገራለች፤ የሚመልስላት የለም።"

"ስልክ የላትም?" አልኩ እኔ።

ልጆቹ ሰጋቱራው ላይ እስኪንከባለሉ ሳቁብኝ። እኔ እውነቴን ነበር፤ አሁንም ፈረንሳይ ውስጥ በሕይወት ያለች መስሎኛል። ጋሽ ኃይሌ አልሳቁም። ጣውላው ላይ አቧራ ያለ ይመስል በእጃቸው ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት። "የዛሬው ይበቃናል" አሉ።

ከዛ ሁለት ቀን ቀረሁ። ስለሳቁብኝ ነው። በሦስተኛው ቀን ስመለስ መዝገበ ቃላቱን ቲ ላይ ገልጠው ጠበቁኝ።

"ማህሌት መጣች። ትሩዋንት! ትሩዋንት ማለት ከትምህርት ቤት የሚጠፋ ልጅ ነው። ግን ከየት መጣ? ጎልኛ ነው። ያኔ ለማኝ ማለት ነበር።"

ቀልዳቸው ነው። ከንፈራቸው ሥር ፈገግ ብለው ነበር፣ ግመልም በእጃቸው ይዘው ነበር፣ ሊሰጡኝ። ልጆቹ ግን አንዴ ሰሙ፣ አለቀ። "ለማኟ! ለማኟ!" እናቴ ከምታጥብበት ቤት የተረፈ ሩዝና ሥጋ በላስቲክ ይዛ እንደምትመጣ ሁሉም ያውቃል። ግመሏን አልተቀበልኩም። ወጣሁ።

እስከዚህ ድረስ እንደማንኛውም ልጅ ነኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ለማንም ተናግሬ የማላውቀው።

በማግስቱ ስለኔ ምን እንደሚያወሩ ለመስማት በቆርቆሮ ቤቱ በጀርባ በኩል ዞሬ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ገና አልመጡም ነበር። ጋሽ ኃይሌ ብቻቸውን ናቸው፤ በሚስማር ቀዳዳ አየኋቸው። ያቺን በጎማ የታሰረች ባለቁልፍ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያወራሉ። በትግርኛ።

ትግርኛ እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቅኩት፤ ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ዘፈኑ ግቢያችን ውስጥ ጧት ማታ ይከፈት ነበር። ብዙ አወሩ። ትንሽ ዝም ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ይቀጥላሉ። እንደዛ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም፤ የልጅ ሳቅ ነው። በመሀሉ ደጋግመው "ኣደይ" አሉ። እናቴ ማለት ነው። ይሄን አውቃለሁ፤ ከዘፈኑ አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።

ይሄን ያዙልኝ። አውቅ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ገና ሳይነጋ ጎረቤቶቹ ሁሉ በራችንን አንኳኩ። አበሻ በጧት ተሰብስቦ ከመጣ ምን እንደሆነ ልጅም ያውቃል። መርዶ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ግንባር ላይ ሞተ። ጋሽ ኃይሌም አብረው መጥተው ነበር። እንዲያውም አባቴ ግድግዳውን በቡጢ ሲመታ ከኋላ አቅፈው የያዙት እሳቸው ናቸው። "አይዞህ፣ አይዞህ ወንድሜ" ይሉ ነበር፤ እንባቸው የአባቴ ትከሻ ላይ ይወርድ ነበር።

ልቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ፣ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ ሰው እንጀራም ወጥም ዳቦም ይዞ ይመጣል። አግዳሚ ወንበሮቹን ጋሽ ኃይሌ በአንድ ቀን ጠርበው አመጡ። በሁለተኛው ቀን ደሞ ራሳቸው የቀቀሉትን ንፍሮ በሰማያዊ ሳህን ይዘው መጡ፤ ወንደላጤ ያበሰለው ስለሆነ ሴቶቹ እየተነካኩ አዩት። ትንሽ ተቀምጠው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

አባቴ ከመጀመሪያው ጧት ወዲህ አላለቀሰም፣ አልተናገረምም። ጎኑ ተቀምጬ ነበር። ማንም አያየኝም። ቀለም ቀቢው ደሳለኝ፣ የግቢያችን ተከራይ ነው፣ ስለ ጦርነቱ ያወራል። እነሱ እንዲህ ናቸው፣ እነሱ እንዲያ ናቸው ይላል፤ "እዚህም አሉ እኮ፣ መሀላችን" አለ።

እኔም "ጋሽ ኃይሌ ትግርኛ ይችላሉ" አልኩ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። ያ እይታ ደስ አለኝ። ይኼው፣ ጻፍኩት፤ ደስ አለኝ።

"ማን አለሽ?"

"ሰማኋቸው። በስልክ። ብቻቸውን ሆነው፣ ተደብቀው፣ ብዙ ያወራሉ። ይስቃሉም።"

ኣደይ ማለታቸውን አልተናገርኩም። አፌ ላይ ነበር። ብናገር ነገሩ እዛው ይሞታል፤ እናቱን ነው ያናገረ ተብሎ ሁሉም ወደ ልቅሶው ይመለሳል፣ እኔንም ማንም አያየኝም። ዋጥኩት።

"ይስቃል?" አለ አባቴ። ይስቃል ነው ያለው። አንቱታቸው እዛች ላይ አለቀ። ከዛ በኋላ ጋሽ ኃይሌ የሚባል ሰው ግቢያችን ውስጥ የለም፤ "ሰውየው" ሆነ።

"የነሱ ሀገር ስልክ ተቆርጧል እኮ" አለች አንዷ ሴት፣ በቀስታ።

"ሳተላይት ነዋ!" አለ ደሳለኝ።

ያቺ በጎማ የታሰረች ስልክ ሳተላይት ሆነች። ሁሉም አይቷታል፤ ቁልፏ አንዱ ወልቆ በክብሪት እንጨት ነው የሚነኩት። ግን ማንም አልሳቀም።

ኤዶ ሆዳን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ለቅሶ ለመድረስ ወተት ይዛ መጥታ። "አስተግፊሩላህ!" አለች። "ሳተላይት? ሰውየው ምሳው ላይ ሁለተኛ እንቁላል የለውም፣ ሳተላይት ከየት ያመጣል? ስሙኝ፣ እኔ ጦርነት አውቃለሁ። በናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። በር ሲከፈትለት ነው የሚገባው፣ ብቻውን አይገባም። በኔ ግቢ ውስጥ አትክፈቱለት!"

"ኤዶ፣ ወንድሜ ነው የሞተው" አለ አባቴ።

"አላህ ያጽናህ። ወንድምህን ግን እሱ አልገደለውም።"

አባቴ ሰማያዊውን ሳህን አነሳና ለኔ ሰጠኝ። "ሂጂ መልሺለት።"

እናቴ ብድግ አለች። "የልቅሶ ምግብ አይመለስም! ኧረ በማርያም፣ ነውር ነው!"

"መልሺለት አልኩ።"

እውነት ነው፣ አይመለስም። ጠላትህም ቢሆን ለቅሶ ቤት ያመጣውን ትቀምሳለህ፤ ያልቀመስከው ሰው ከሰው ተራ የወጣ ነው። ይሄን ሳይነግሩኝ ነው የማውቀው። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ አንድ መቶ እርምጃ አይሞላም። ንፍሮው ገና ለብ ያለ ነበር፣ እጄ ላይ ይሰማኛል። ልጥለው አሰብኩ፤ ቀቅለው የሰጡትን ሰው ሁሉ በላው ብዬ ባዶ ሳህን ልሰጣቸው። አሰብኩ ብቻ። ትዕግስት የለኝም አላልኩም? ቶሎ እንዲያልቅልኝ ፈለግኩ።

ጋሽ ኃይሌ በር እየላጉ ነበር። ሳህኑን ሲያዩ እጃቸው ቆመ። ሙሉውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ወደ ግቢያችን በር አዩ። ገባቸው።

"ጨው በዛበት እንዴ?" አሉ።

"አባዬ አይበላም።"

"እሺ" አሉ። "እዛ ጣውላው ላይ አስቀምጪው። እጅሽን እንዳያደክምሽ።"

ማን ነገረብኝ ብለው አልጠየቁም። ብጠየቅ እዋሽ ነበር። ሳህኑን አስቀምጬ ሮጥኩ።

በሳምንቱ ክፍሉን ለቀቁ። ኤዶ ሆዳን በሩ ላይ ቆማ "ማን ውጣ አለህ? ቤቱ የኔ ነው፣ ወላሂ ማንም አይነካህም" አለቻቸው። እሳቸው ግን "አንቺንም እንዳያስቸግሩሽ ነው፣ ሆዲዬ" ብለው ፍራሻቸውንና መጋዛቸውን ጋሪ ላይ ጫኑ። ዳሚ የሚባል ሰፈር ክፍል አገኙ አሉ። ጋሪው ሲወጣ አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ ጺሙን ይላጭ ነበር። ትምህርቱም ቀረ። ልጆቹ ለአንድ ሁለት ቀን ቆርቆሮ ቤቱ ጋ ሄደው ተመለሱ፤ ሌላ ጨዋታ አገኙ።

ከወር በኋላ ይሆናል፣ ልብስ ስናሰጣ እናቴ ድንገት ቆማ "ቆይ" አለችኝ። "ስልክ ተቆርጦ አልነበር? ማንን ነበር ያናገሩት?"

ያኔ ነው የገባኝ። ማንንም አላናገሩም። የተዘጋ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ እናታቸው የምትለውን ራሳቸው አስበው፣ ዝም ብለው ሰምተው፣ ስቀው፣ ይመልሱ ነበር። ቤት ውስጥ የነበረ ትልቅ ሰው ሁሉ ስልኩ መቆረጡን ያውቅ ነበር። አንዷ ተናግራዋለችም። ይሄ ግን የኔን አያቀለውም፤ ትልልቆቹ ኣደይ የሚለውን አልሰሙም። የሰማሁት እኔ ነኝ።

ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። ዳሚ ድረስ በእግር አርባ ደቂቃ ነው፤ አንዴ ግማሽ መንገድ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ከዛ አንድ ቀን ገበያ መሀል አገኘኋቸው። ከትምህርት ቤት ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር እየመጣሁ ነበር፤ ሦስቱም ሶማሌ ናቸው። አበሻ መሆኔን ያውቃሉ፣ እኔ ግን እነሱ ፊት አማርኛ ተናግሬ አላውቅም። ጋሽ ኃይሌ ጣውላ በገመድ አስረው ተሸክመዋል። ከስተዋል፤ ቅንድባቸው ላይ ሰጋቱራ ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው ሁሉ በራ፤ ጣውላውን መሬት አስቀመጡት።

"ማህሌትዬ! እንዴት ነሽ ልጄ? እናትሽ ደህና ናት? እንግሊዝኛውን አልተውሽውም አይደል?"

ጓደኞቼ እኔን አዩኝ። "ማን ነው?" አለችኝ አንዷ በሶማሊኛ።

ያን ሁሉ ጊዜ የተዘጋጀሁበት ይቅርታ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። በአማርኛ ነው የተዘጋጀሁት።

"ኩማ አቃን" አልኳቸው ለጋሽ ኃይሌ፣ ጮክ ብዬ። አላውቅህም።

ትንሽ አዩኝ። ከዛ ወደ ጓደኞቼ ዞሩና በተሰባበረ ሶማሊኛቸው "ራሊ አሆው" አሉ፣ ይቅርታ ማለት ነው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሌላ ልጅ መስላኝ ነው አሏቸው። ልጅ የሚለውን ቃል ተሳስተው ለወንድ በሚባለው ነው ያሉት። ጣውላቸውን አንስተው ወደ ማዶ ተሻገሩ።

ጓደኞቼ በጋሽ ኃይሌ ሶማሊኛ ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ።